እስከ አራት ሰዓት የማይከፈተው ክዳን

ሰቆጣ ላይ በሐኪምነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ዋና ሥራዬ ሰው መጨበጥ ሆነ። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጀምሬ ያገኘሁትን ሁሉ እየጨበጥኩ እውላለሁ፤ ባለሱቁን፣ የባጃጅ ሾፌሩን፣ ሽንኩርት የምትሸጠዋን፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠውን። የጎጃም ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ ላይ ሰዉ «አቤት ትሕትና፣ ያሳደጉት ይባረኩ» ይል ነበር። ሲደጋገም ግን «ይሄ ዶክተር ለምርጫ ሊቀርብ ነው እንዴ?» የሚል ወሬ ተነሳ። አንድ ነጋዴ እንዲያውም ከተመረጥኩ በሱቁ በር የሚያልፈውን መንገድ ኮብልስቶን እንዳስነጥፍለት አስቀድሞ አመለከተኝ፤ እኔም አስብበታለሁ አልኩት።

ጥፋቱ የቁርጥማት ነው። በዋግ ደጋ ቁርጥማት የማያውቀው ቤት የለም። ዳገቱ፣ ብርዱና ሸክሙ ተደማምሮ እድሜው ገፋ ያለ ሰው ሁሉ ወይ ጉልበቱን ወይ ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው። ሰዉም እንደ በሽታ አይቆጥረውም፤ እንደ ክፉ ጎረቤት ችሎት ይኖራል። ችግሩ ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ የባሰ ዓይነት መኖሩ ነው። እሱ ሽማግሌ ነህ ወጣት ነህ አይልም፣ ሴት ላይ ይበረታል፣ የሁለቱንም እጅ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይይዝና በጊዜ ካልተደረሰበት ጣት አጣምሞ ያስቀራል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ በክኒን ይገታል። የትኛው ተራ፣ የትኛው የባሰ እንደሆነ ለይቶ ለመናገር የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ሐኪም ያስፈልጋል። እነሱ ደግሞ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም አዲስ አበባ ናቸው። እዚያ ለመድረስ ፍየል ይሸጣል፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ መንገላታት አለ፣ ከዚያ በኋላ ቀጠሮ ይሰጣል። ስንቱ ታካሚዬ የሪፈር ወረቀቱን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጠ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኝ ነበር።

ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ ግን መላ ዘየዱ። እኔ መምጣት ካልቻልኩ ጆሮዬ ይምጣ ብለው፣ በየክፍለ ሀገሩ ተበትነን ያለነውን ጠቅላላ ሐኪሞች በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በስልክ ማስተማር ጀመሩ። መምህራችን ድምፃቸው ጎርናና፣ ትዕግሥታቸው አጭር ነው። ኔትወርክ ሲጠፋብኝ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው የውኃ ታንከር ማማ ላይ ወጥቼ ነበር የምማረው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ግን ሰባት ዓመት ተምሬ፣ ጋዋኑንም ለብሼ፣ ቁርጥማትን የተማርኩት ታንከር ላይ ተቀምጬ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት «እጅ ጨብጡ» የሚል ነበር። «ከጣቶቹ ሥር፣ ከመገጣጠሚያው ላይ፣ ቀስ አድርጋችሁ። በዚያች ጭብጥ እጁን የሚሸሽባችሁን ሰው ለእኔ ጻፉልኝ» አሉን።

ከማማው ወርጄ ይህን ለበሩ ዘበኛ ነገርኳቸው። ዘበኛችን የሰቆጣ ዙሪያ ሰው ናቸው፤ ኽምጣኛም አማርኛም አቀላጥፈው ይናገራሉ፣ ሲያስፈልግ ትግርኛ ይጨምራሉ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ አስተርጓሚ የሚባለው እሳቸው ናቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ሳቁብኝ።

«አንተ ዶክተር፣ እጁን የሚያመው ሰው እጁን የሚሰጥህ ይመስልሃል? አንጓውን ነው የሚሰጥህ።»

እውነታቸውን ነበር። በአገራችን እጁ የቆሸሸ ወይም የረጠበ ሰው ሰላምታ አይነፍግም፤ መዳፉን ወደ ታች አጥፎ የእጁን አንጓ ያቀርባል፣ ሰላም ባዩም አንጓውን ጨብጦ ያልፋል። ማንም ምን ነካህ አይለውም።

«እጁ ጥርት ብሎ ሳለ አንጓውን የሚሰጥህን ሰው ያዘው» አሉኝ ዘበኛው። «ይኸ ነው የኛ ራጅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የኛ ሰው ደግሞ ሲደብቅ በሰላምታ ነው የሚደብቅ።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ይህን ለመምህራችን ስነግራቸው መስመሩ ጸጥ አለ። ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስል «አለሁ፣ እየጻፍኩት ነው» አሉኝ። ታንከሩ ላይ ብቻዬን ተንቀባረርኩ።

ሥራ ተከፋፈልን፤ በሩ የእሳቸው፣ ከተማው የእኔ። አንጓ ያቀረበልንን ሁሉ «እስቲ መዳፍዎን» እያልን እንደ አንደኛ ደረጃ የንጽሕና ተቆጣጣሪ እንፈትሻለን። አብዛኛው በእውነት ጭቃ ነው፣ ሊጥ ነው፣ ዘይት ነው። ዘበኛው አንዳንዴ ሥራውን ከልባቸው ስለሚይዙት ጨብጠው አይለቁም፤ አንድ ብጉንጅ ጣቱ ላይ የወጣበት መምህር በሩ ላይ የጮኸው ጩኸት ማዋለጃ ክፍል ድረስ ተሰማ። ደግሞ ወሬው ተዛብቶ ቆላ ወርዶ ነበርና፣ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከአበርገሌ መጥተው «የሚጨብጠው ሐኪም የታለ?» አሉ። ጨበጥኳቸው። ጉልበታቸውን አንዴ አጠፍ ዘርጋ አደረጉና «እግዜር ይስጥህ፣ ለቀቀኝ» ብለው ካርድ ሳይወጣላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እስካሁን አንዴ ጨብጬ ያዳንኩት ብቸኛ ሰው እሳቸው ናቸው።

እንዲህ ስንጫወት ነው ያቺ ልጅ የመጣችው።

የገበያ ቀን ነበር፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ዘበኛው ከበሩ ሁለት ሴቶች ይዘው ገቡና በዓይናቸው ጠቀሱኝ። አንዷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ወደ ሁለት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ አዝላለች። ሌላዋ አማቷ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደረጉ፣ ገና ሳይናገሩ ሰው የሚታዘዝላቸው ዓይነት ሴት። ለልጅቷ እጄን ዘረጋሁ፤ አንጓዋን ሰጠችኝ። መዳፏን አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ለአማትየው ዘረጋሁ፤ እሳቸውም አንጓቸውን ሰጡኝ። «እጄ ቅቤ ነው ልጄ፣ ስሸጥ ነው የዋልሁ» አሉኝ። አንጓቸውን በአክብሮት ጨብጬ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

ለካ የመጡት ለሕክምና አልነበረም።

«ወረቀት ጻፍልኝ» አሉ አማትየው። «ጤነኛ ናት የሚል።»

«ጤነኛ ከሆነች ወረቀቱ ለምን ይሆናል እናቴ?»

«ለሽማግሌ ነዋ። በማርያም ዕለት ይቀመጣሉ። ይኸውልህ፣ ጠዋት ላም ማለብ ሲኖር ያማታል፣ ውኃ ሲኖር ያማታል። የጀሪካኑን ክዳን እንኳ መክፈት አቃተኝ ትላለች። ቀን ሲሆን ይኸው እንደማንም ሰው ትሠራለች። ፀሐይ አይቶ የሚነሳ፣ ፀሐይ አይቶ የሚተኛ በሽታ በአገራችን አልሰማንም። እኔ ከተዳርሁ ጀምሮ ዶሮ ሳይጮህ ነው የምነሳ። አንድ ቀን ጨለማው ቀድሞኝ አያውቅም። ስንፍናዋን ይዛ ወደ አባቷ አገር ወደ ደሃና ትሂድ፤ ልጁ ግን የልጄ ነው፣ ከኛ ይቀራል።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ በኽምጣኛ አንድ ነገር ለዘበኛው አለች። እሳቸውም ተረጎሙልኝ።

«ጠዋት ጠዋት ላቅፈው አቅቶኝ እንጂ ልጄን ጠልቼው አይደለም፤ ለዶክተሩ ንገርልኝ ትላለች።»

አማትየው ኽምጣኛው ሳይገባቸው የቀረ አይመስለኝም፤ ግን ወደ መስኮቱ ነበር የሚያዩት።

እጇን መረመርኩት። ሲጫኑት ዓይኗን ትጨፍናለች እንጂ ይህ ነው የሚባል እብጠት አይታይም። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለመምህራችን ላክሁ። መልሱ ወዲያው በድምፅ መጣ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያነሳኸው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ጌታው፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ባዶ ቤት ፎቶ አንስተህ ትልክልኛለህ? ይህ በሽታ የጠዋት ነው። ሌሊቱን እጅ ያስራል፣ ረፋዱ ላይ ይለቃል። የደም ናሙናዋን ደሴ ላክና ልጅቷን በንጋት አሳየኝ።»

ወረቀቱን አልጽፍም አልኳቸው አማትየውን፤ ታማለች ብዬ ልጽፍ እችላለሁ አልኳቸው። «ወረቀት የተጻፈበትን ሁሉ ይችላል፤ ዓይን ግን ዓይን ነው» ብለው ወጡ። ዘበኛው ደግሞ የባሰውን ነገሩኝ፤ የዚያ መንደር ሽማግሌዎች የሚቀመጡት ከቅዳሴ ወጥተው፣ እህል ቀማምሰው፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በስምንት ሰዓት የልጅቷ እጅ ይፈታል። ጀሪካኑን ስጡኝና ልክፈት ብትባል ትከፍተዋለች። በሽታው ራሱ በሌለበት ሰዓት ሊፈረድበት ነው።

«ሽምግልናው በንጋት ይሁን በሏቸው» አልኳቸው ዘበኛውን።

«ሽምግልና በባዶ ሆድ? እንኳን ሰው ሊያስታርቁ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።» ትንሽ አሰቡና «ግድ የለም» አሉ።

ምን ብለው እንደላኩባቸው በኋላ ነው የሰማሁት። ዶክተሩ በማርያም ዕለት ከሰዓት ሆድ ቀዶ የሚሰፋው ሰው ስላለ፣ ምስክርነቱን መስጠት የሚችለው ፀሐይ ሳትወጣ ብቻ ነው ብለዋል። እኔ በሕይወቴ ቀድጄ የሰፋሁት ሆድ የለም። ግን ሽማግሌዎቹ ለታሰበው ሆድ አዝነው እሺ አሉ።

ጎህ ሲቀድ ዘበኛውና እኔ መንደሩ ደረስን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከወይራው ሥር አምስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የበኩር ልጁን ሊቀሙት የተዘጋጁ ይመስል ባልየው ጥግ ይዞ ቆሟል። አማትየው ከሁሉም ቀድመው ተነስተው፣ ቤት ጠርገው፣ ላም አልበው ጨርሰዋል። ሰላም ስላቸው አንጓቸውን ሰጡኝ፤ «ሊጥ ነው» አሉ። እንዲህ ያሉ ብርቱ ሴት ናቸው ብዬ አለፍኩ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሊያስጀምሩ ብድግ ሊሉ ነበር፤ አልተነሱም። ከጎናቸው ያሉት ሊያነሷቸው ሞከሩ፤ እሳቸውም አልተነሱም። ዘበኛው ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እነሆ፣ አምስት ሰነፎች» አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ብርዱ ነው እንጂ!» ብለው ሰብሳቢው ተቆጡ። ቢሆንም በከዘራ እየተደጋገፉ ተነስተው ወይራውን አንድ ጊዜ ዞሩ፤ ሲመለሱ ጉልበታቸው ተፍታቷል። ያችን አንዲት ዙር በልባችሁ ያዙልኝ አልኳቸው።

ከዚያ ልጅቷ መጣች። ዘበኛው እጃቸውን ዘረጉ፣ አንጓዋን ሰጠች። ጣቶቿ ከሥራቸው አብጠው፣ ቀልተው፣ የተጋገረ ድፎ የመሰሉ ነበሩ። ባዶ ጀሪካን ሰጧት። ክዳኑን በመዳፏ፣ በክንዷ፣ በደረቷ አስጠግታ ሞከረች፤ ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ሕፃኑ ከቤት ወጥቶ እጁን ዘረጋላት። በክንዶቿ ልታነሳው ጎንበስ አለችና አቃታት፤ ባልየው አነሳው። እኔም ስልኬን አውጥቼ እጇን ፎቶ አነሳሁ።

«ቀን ላይ ትከፍተዋለች» አሉ አማትየው። «በዓይኔ ያየሁትን ነው።»

«እውነታቸውን ነው» አልኩ። «እንግዲህ እስክትከፍተው አብረን እንቀመጥ።»

ተቀመጥን። ፀሐይዋ ከጋራው በላይ ወጣች። ከብቶቹ ወጡ። ዘበኛው በየጊዜው ጀሪካኑን ያቀብሏታል፣ ትሞክራለች፣ ትመልሳለች። አንደኛው ሽማግሌ በሹክሹክታ እኛ ቤት ቁርስ ምን ይሆን ብለው ሌላውን ጠየቁ። ሌላው ተቆጧቸው። ደወሉ ተደውሎ ቅዳሴው ሲጀመር እናንተ አታስቀድሱም ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ሰብሳቢው «ዛሬስ ቅዳሴያችን ይቺ ክዳን ናት» አሉኝ። ጥላው ከአጥሩ ሥር ሸሽቶ፣ አራት ሰዓት አልፎ፣ ክዳኑ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ሲያዩ፣ አማትየው ግን የሚያዩት ክዳኑን ነበር።

«እኛ ያረጀነው አንድ ዙር ዞረን ተፈታን» አሉ በመጨረሻ ሰብሳቢው። «ይቺ ልጅ ግን እስከ አራት ሰዓት ታስራ ቆየች። በንጋት ከኛ ሁሉ የምታረጅ ልጅ ሰነፍ ልትባል አይገባም። ቤቷ ትቀመጥ፤ ልጇም ከሷ ጋር። የጠዋቱን ላምና ውኃ ባልዋ ይያዘው።»

ባልየው ደስ ያለውም የደነገጠውም እኩል ይመስለኛል። እዚያ አገር ወንድ ጀሪካን ይዞ ወንዝ ሲወርድ ታይቶ አይታወቅማ። ለሳምንታት ጀሪካኑን በጋቢው ሸፍኖ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ አረገዘ እያለ ይስቅበት ነበር አሉ። ሳቁ ሲሰለቸው ግን ጋቢውን ትቶ በግልጥ መያዝ ጀመረ።

የንጋቱን ፎቶና ከደሴ የመጣውን ውጤት መምህራችን አዩ፤ በሽታው ያ የባሰው ነበር፣ ግን ገና እርጥብ ነው፣ ጣት አላጣመመም አሉ። ክኒኑን አስጀመርኳት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ስለሆነ በየቀኑ እንዳትውጠው ፈርቼ ከገበያ ቀን ጋር አያያዝኩት፤ ገበያ ከሌለ ክኒን የለም። ክኒኑን ስትወስድ ማርገዝ የለባትም ብዬ ሳስረዳ፣ በሽምግልናው ሁሉ አንድ ቃል ያልተናገረው ባልየው «ለስንት ጊዜ?» ብሎ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀ።

ወራት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ዘበኛው ከበሩ ጠሩኝ። ልጅቷ ናት። ከልማዷ ውጪ አንጓዋን ሳይሆን መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ጨበጥኳት። እሷም ጨበጠችኝ፤ ጨብጣም አልለቀቀችኝም፣ እስክጮህ ድረስ። ሳቋን እስከዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አማትየው ከኋላዋ በነጠላቸው የተሸፈነ ጣሳ አቅፈው ቆመዋል። የዋግ ነጭ ማር አምጥተውልኛል። ልጨብጣቸው ስዘረጋ ጣሳውን ወደ ግራ ክንዳቸው አዛወሩና አንጓቸውን ሰጡኝ።

«እጄ ማር ነው ልጄ» አሉ።

ዘበኛው ጣሳውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። ክዳኑ እንደተከደነ ነው፤ ዙሪያው በሰም የታሸገ፣ አንድም ቦታ ያልተነካ።

ቅቤው ትዝ አለኝ፣ ሊጡም ትዝ አለኝ። ከተማውን ሙሉ ስጨብጥ ከርሜ፣ ሁለት ጊዜ እጄ ላይ ያስቀመጡልኝን አንጓ ቅቤ ነው ሲሉኝ እሺ፣ ሊጥ ነው ሲሉኝ እሺ ብዬ ማለፌ አሳፈረኝ። መዳፋቸውን ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። ጣቶቹ ከሥራቸው ወደ ውጭ የዞሩ፣ ተጣምመው እንደቀሩ የደረቁ፣ ብዙ ዓመት የቆዩ ነበሩ።

«እናቴ፣ ይህ መቼ ነው የጀመረዎት?»

እጃቸውን አልነጠቁኝም። «የዚህች የበሽተኛህ ባል ገና በሆዴ ሳለ» አሉ። «ዶሮ ሳይጮህ የምነሳ ለምን መሰለህ? ቤቱ እስኪነቃ እጄ ይፈታልኛል። ማንም አላየኝ። አማቴ ክፉ ነበረች፤ ለኔ ደግሞ በንጋት የተቀመጠ ሽማግሌ አልነበረም።»

ዘበኛው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ጣሳውን ልቀበላቸው ስል ልጅቷ ቀደመችኝ፤ ከአማቷ ክንድ ወሰደችው፣ ሰሙን በጥፍሯ ገፈፈችው፣ ክዳኑን አንዴ አዙራ ከፈተችና በጣቷ ጠቅሳ መጀመሪያ ለእሳቸው አጎረሰቻቸው። ሰዓቱ ገና ሦስት አልሞላም ነበር።